ከአጥር ወዲያ ያለው ጩኸት

ስለ ቡሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በርበሬውን ነው። እኔም ከዚያ አልፌ አላውቅም ነበር። ሄጄ ተመለስኩ፤ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ጎረቤት ሲጣራ እንደ ድሮው ተቀምጬ መቅረት አልቻልኩም። መንገዱን ለማትሄዱት እንደሆነው አድርጌ ላውራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ሥራዬ የሰው ጆሮ መለካት ነው። አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ሰው አስቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጌ፣ ቀጫጭን ድምፅ እልክለታለሁ። ሲሰማ ቁልፍ ይጫናል። ሥራው ይኸው ነው። ሰው ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም፤ ማረሙ ስለሰለቸኝ ትቼዋለሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ ካርድ የምታወጣ ትርንጎ የምትባል የቡሬ ገጠር ልጅ አለች። አንድ ቀን መስኮቷ ሥር ተደፍታ ስታለቅስ አገኘኋትና ምን ሆነሽ ብላት ነገሩን ዘረገፈችው። ከአባቷ ከአያ ቢምረው ግቢ ጋር በአጥር ብቻ የሚለያይ ጌትነት የሚባል ጎረቤት አላቸው። በአንድ የገበያ ቀን ጌትነት ቡሬ ሄዶ ሳለ ታናሽ ወንድሙ አለምነው የግቢውን የውኃ ጉድጓድ ሊጠርግ ወረደ፤ ገመዱ ተበጠሰ። ቤት የነበሩት አሮጊት እናታቸው ብቻ ናቸው። እሪ አሉ። አያ ቢምረው አጥሩ ሥር ቀንበር ሲጠርቡ ነበር፤ አልመጡም። ሰው ሲደርስ አለምነው ሞቷል።

በዚያ አገር እሪታ ሰምቶ አለመድረስ በእጅ ከመግደል ብዙም አይርቅም። አገሩ “ጆሮ ዳባ ልበስ አለ” ብሎ አያ ቢምረውን አገለላቸው። ሽማግሌዎቹ መውጫ ሰጧቸው፦ አልሰማሁም ብለህ በወንጌል ማል፣ ነገሩ ይብቃ። አያ ቢምረው አልምልም አሉ።

“አባቴ ደንቁሮ ነው እንጂ ሰምቶ የሚቀር ሰው አይደለም” አለችኝ ትርንጎ። “መርምሪልኝ እትዬ ሰብለ። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል። ካልማለ ደመኛ ሆኖ ይቀራል፤ አያ ጌትነትም ዝም አይልም።”

እኔ ምን ቸገረኝ፣ መልሱ እጄ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ደክሟል፣ ለክቼ እናገራለሁ፣ ያበቃል። ሥራ የለመደ ሰው እንዲህ ነው የሚጃጃለው።

ሐሙስ

ማለዳ ከትርንጎ ጋር ወጣን። የአውቶቡሱ ረዳት የመለኪያ መሣሪያዬን ጣራ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ሞገተኝ። ከዚህ ዕቃ ጋር ጣራ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ ስለው ተወኝና እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ጭኔ ላይ ታቅፌው ሄድኩ። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል።

ሙዚቃው ከሾፌሩ ራስ በላይ ያናጋል። እኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ቢከፍት ደንብ አስከባሪ ይመጣ ነበር ልል አልኩና ተውኩት፤ ቤቴ ራሱ ከብረታ ብረት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ “በዚህ ሁካታ እንዴት ትኖራላችሁ?” ትለኛለች። እኔ “በየትኛው?” እላታለሁ። አውቶቡሱ ውስጥም እንዲያው ነበር። ረዳቱ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ተኝቶ፣ ከኋላ አንዲት ሴትዮ በደከመ ድምፅ “ወራጅ” ስትል ብድግ ይላል። ሙዚቃው አልቀሰቀሰውም፤ ወራጅ ቀሰቀሰው። ነገሩ ገረመኝና ወዲያው ረሳሁት።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ። የጆሮ ባለሙያዋ እኔ አፌን እንደ ዓሣ ስከፍትና ስዘጋ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው “ምጠጪው ልጄ” አሉኝ። መጠጥኩት፤ ተከፈተልኝ። ደብረ ማርቆስ ሽሮ በላን። ደንበጫንና ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ፀሐይዋ ወርዳለች።

ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ ለመታከም ነው የመጣሽው ወይስ የታመመ ለመጠየቅ ብለው ጠየቁኝ። ጆሮ ልለካ ስላቸው የእሳቸውን ሳልለካ እንደማልወጣ ነገሩኝ። ለካሁላቸው፤ ደህና ነው። ለክፍያው አንድ ዘለላ ሙዝ አልጋዬ ላይ አኑረውልኝ አገኘሁ። አዲስ አበባ የምንበላው ሙዝ ከዚህ ጋር ዘመድ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ዓርብ

ወደ ቡሬ የያዝነው ሚኒባስ ከሰው ይልቅ በርበሬ ጭኖ ነበር። እግሬ ሥር ጆንያ፣ ጀርባዬ ላይ ጆንያ። ሳነጥስ፣ ሳነጥስ፣ መጨረሻ ላይ ተሳፋሪው በሙሉ “ይማርሽ” ማለት ሰልችቶት ዝም አለ። ትርንጎ በሳቅ ፈረሰች፤ ከተነሳን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ከቡሬ በባጃጅ፣ ባጃጁ ሲያቅተው በእግር ሄድን። መንደሩ ስንገባ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች እኔን ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ጠይቀው ሰላም ይሉኛል፤ አብራኝ የምትሄደውን፣ እጃቸው ላይ ያደገችውን ትርንጎን ግን አያዩአትም። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሰላም ባይልሽ ተመስገን ብለሽ ታልፊያለሽ። እዚህ ሰላምታ መንፈግ ቤት ከማቃጠል አይተናነስም። ትርንጎ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ መሬት መሬቱን እያየች ሄደች።

እናቷ እትዬ ይመኙሻል ውኃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። እግሬን ሰው አጥቦኝ ስለማያውቅ እንዴት እንደምቀመጥ ጠፋኝ። “ዝም ብለሽ ስጪኝ፣ እግርሽ መንገድ ውሏል” አሉኝ። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ በዓርቡም ዶሮ ታርዷል። ጌታዬ፣ ጎረቤት ያልገባበት ዶሮ ወጥ እንዴት ያሳዝናል። ድስቱ ለብዙ ሰው የተሠራ ነው፤ የበላነው እኛ ብቻ ነን።

አያ ቢምረው ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጆሮ የደከመው ሰው አፍ አፌን ያየኛል፣ “እህ?” ይላል፣ ይጮሃል። እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ ዝቅ ብዬ የተናገርኩትን ሁሉ ይመልሳሉ። እየበላን ሳለ ድንገት ጉርሻቸውን አቆሙና “ቦራው ገመዱን ጠልፎታል” ብለው ወጡ። በሬው ከቤቱ ኋላ፣ ከጭድ ክምሩ ባሻገር ነው የታሰረው። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሄጄ ሳይ እውነትም ገመዱ ቀንዱ ላይ ተጠምጥሟል።

ሲመለሱ ለምን እንደማይምሉ ጠየቅኋቸው።

“አጥሩ ሥር ነበርሁ” አሉኝ። “እንዴት አይሰማም? አልሰማሁም ብዬ ብምል፣ ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ ትቶት ቢሆንስ? በማላውቀው ነገር የእግዜርን ስም አላነሣም። ይግደሉኝ።”

“ታዲያ ሰምተው ነበር?”

“እሱን ነው እኮ የማላውቀው ልጄ።”

ቅዳሜ

ጠዋት ጎተራው አጠገብ ባለችው ጓዳ መሣሪያዬን ዘረጋሁ። አዲስ አበባ ያን ክፍል ድምፅ እንዳያስገባ ለማድረግ ግድግዳው ስፖንጅ ለብሷል፤ እዚህ ዝምታው እንዲያው በነፃ ተቀምጧል። አያ ቢምረው ማዳመጫውን አደረጉ፣ ቁልፉን በጣታቸው ያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ይመኙሻል የምስር ሰፌድ ይዘው፣ ትርንጎም አጠገባቸው ሆና በሩ ላይ ያዩናል።

ድምፁን ቀነስኩ፤ ተጫኑ። አሁንም ቀነስኩ፤ ተጫኑ። ትርንጎ ፊቴን ታነባለች። በዚህ ዕድሜ ሰው ይሰማዋል ከማልለው ድምፅ ደረስኩ፤ ተጫኑ። ጆሯቸው ከእኔ ጆሮ ይሻላል።

ክው አልኩ። ይህን ነገር ተሸክሜ እሁድ ሽማግሌ ፊት ልቀርብ ነው። ልጅቷ አባቷን ላድን ብላ አምጥታኝ እኔ ገመዱን ላቀብል።

ያኔ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ጮኸ። ሰው ሲታረድ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ነው፤ “አለምነው” እያለ ይጣራል። ከመቀመጫዬ ዘለልኩ፤ እጄ ግን መሣሪያው ላይ ስለነበር ያችን ቀጭን ድምፅ ላከ።

አያ ቢምረው ተጫኑ።

ጩኸቱ ቀጥሏል። ማዳመጫው ይሸፍነዋል እንዳልል አይሸፍነውም፤ ያን ያህል ኃይለኛ ነው። ሳላስብ ሌላ ቀጭን ድምፅ ላክሁ፤ ተጫኑ። ፊታቸው ላይ አንድ ሽፋሽፍት አልተነቃነቀም። ወደ በሩ ዞርኩ። እትዬ ይመኙሻል ምስር ይለቅማሉ።

“ምንድን ነው ይህ?” አልኩ።

“የቱ?” አሉ እትዬ ይመኙሻል።

“ጩኸቱ ነዋ።”

ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ፈለጉት። ፈልገው ሲያገኙት ፊታቸው ላይ አየሁት። “ውይ፣ እሳቸው ናቸው፣ እማማ ማንጠግቦሽ፣ የነጌትነት እናት። አእምሯቸው ከደከመ ዓመታት ሆነው። ቀን ቀን ይጮሃሉ። ልማዳቸው ነው።”

“አለምነው ከመሞቱ በፊትም ይጮሁ ነበር?”

“ኧረ ድሮ። መጀመሪያ ጊዜማ ሁልጊዜ እንሮጥ ነበር። ምንም የለም። ተቀምጠው ነው የምናገኛቸው። እየቆየን ተውነ።”

ወንበሩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይህን ነገር ስማር አንብቤዋለሁ፤ ፈተና ተፈትኜበት አልፌያለሁ። ሰው ፊት ላይ ግን አይቼው አላውቅም። አያ ቢምረው ማዳመጫውን አውልቀው “እንዴት ነው፣ ደንቁሬያለሁ?” አሉኝ። አለመደንቆራቸውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና “እንግዲያ ሰምቻለሁ ማለት ነው” አሉ። ትርንጎ ወጥታ ሄደች። የቀኑን ምሳ ማንም አልነካውም።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ በሁለቱ ግቢዎች ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የነጌትነት ቤት በር ፊት ለፊታችን ነው። የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ዘለቀ ናቸው፤ በጉልምስናቸው ዘመን የመስኖው የውኃ አባት ሆነው ለየማሳው ውኃ ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ። ጌትነት ከወዲያ ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል፤ አያ ቢምረው ከወዲህ ቆመዋል። ለእኔ እንግዳ ነሽ ተብዬ ጠላ በዋንጫ ተሰጠኝ።

“ልጄ፣ ከሩቅ መጥተሻል፣ ተባረኪ” አሉ አባ ዘለቀ። “የቢምረው ጆሮ እንዴት ነው?”

መዋሸት እችል ነበር። ትርንጎ ዓይኔን ይዛዋለች። “ጆሯቸው ደህና ነው አባ” አልኩ።

ሰዉ አጉረመረመ። ጌትነት “ከአዲስ አበባ ድረስ ያስመጧት የራሳቸው ምስክር ናት” አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። “ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?”

“አልጨረስኩም” አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ፤ ስናደድ እንዲህ ነኝ። “ድምፅ ከጆሮ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከአንጎልም ወደ ጆሮ የሚወርድ መንገድ አለ። አንጎል በዚያ መንገድ ይህን አሳልፍ፣ ያንን ቀንስ እያለ ያዛል። አንድ ድምፅ በየቀኑ እየመጣ ምንም የማያስከትል ሲሆን በሩን ያጠብበታል። ባለቤቱን አያማክርም። አያ ቢምረው በሬያቸው ገመድ ሲጠልፍ ይሰማሉ፣ እማማ ማንጠግቦሽ ሲጮሁ ግን አይሰሙም። ለዓመታት ሰምተው፣ ሮጠው፣ ባዶ ሆኖ አግኝተውታል።”

“የውኃ አባት በይኛ” አሉ አባ ዘለቀ።

“አዎ አባ።”

“ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ። ለጆሮም እንዲያው መሆኑ ነው።” ጺማቸውን ዳሰሱ። “ግን የውኃ አባትም ቢሆን ልጄ፣ የሰው ማሳ ሲደርቅ ይጠየቃል።”

ጌትነት ተነሣ። “እናቴ የዚያን ቀን የጮኸችው የልማዷን አይደለም” አለ። “ልጇ ዓይኗ እያየ ጉድጓድ ገብቷል። እንዲያ ያለ ጩኸት ድንጋይም ይሰማዋል። ሰው ሆኖ፣ ጎረቤት ሆኖ፣ አጥር ሥር ተቀምጦ አልሰማሁም ማለት…”

እማማ ማንጠግቦሽ ጮኹ።

ብድግ ስል ዋንጫው ከእጄ አምልጦ ጠላው በአባ ዘለቀ ጋቢ ላይ ተደፋ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

“ምነው፣ ጊንጥ ነው?” አሉ አባ ዘለቀ ጋቢያቸውን እያራገፉ።

ጌትነት ንግግሩን ስላቋረጥኩበት በቁጣ ያየኛል። ከኋላው የቤቱ በር ክፍት ነው፤ ጩኸቱ ከዚያ እየወጣ ነው።

“አልሰማችሁም?” አልኩ።

“ምኑን?” አለ ጌትነት።

ድንጋይ ይሰማዋል ያለው ያው አፍ ነው። እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ። አንድ በአንድ ዞሩ። አንድ በአንድ ሲሰሙት አየሁ፤ አባ ዘለቀ ጋቢያቸውን ማራገፍ ተዉ፣ አያ ቢምረው ራሳቸውን ያዙ። ጌትነት መጨረሻ ነው የሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ።

“አለምነውን ነው የምትጠራው” አለ።

“ትናንትም እሱን ነበር የሚጠሩት” አልኩት።

“ከመቼ ጀምሮ?”

ማንም አያውቅም። ሰውየው ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ እናቱ በየቀኑ የሟቹን ስም ስትጠራ እዚያው ቤት ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። አልሰማትም። መሬቱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። “ጎረቤት እላለሁ እኔ” አለ። “እኔ ልጇ ነኝ።”

መጀመሪያ የተነቃነቁት አያ ቢምረው ናቸው። ሳይጠሩ፣ ሳይፈቀድላቸው፣ የጌትነትን ደጃፍ አልፈው ገቡ። ጌትነት ተነሥቶ ተከተላቸው። ጩኸቱ ቀስ እያለ አቆመ።

በመጨረሻ አባ ዘለቀ ወንጌሉን ይዘው ወደ መጡት ቄስ ዞሩ። “ይመልሱት አባቴ” አሏቸው። “እናስምል ካልን ይህ አገር በሙሉ መማል አለበት።”

ሰኞ

ስነሣ አጥሩ ላይ ሰው የሚያሳልፍ በር ተከፍቶ አገኘሁ፤ የተቆረጠው እሾህ ገና እርጥብ ነው። የዓርቡ ድስት እንደገና ወጥቶ ጎረቤቱ ተቀምጦበታል። ትርንጎን አንዲት አሮጊት ይዘው ሲስሟት፣ ሲስሟት፣ መኪና ሊያስመልጡን ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

ጌትነት መሣሪያዬን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኘን። መኪና ስንጠብቅ “የምሰማበት መድኃኒት ይኖርዎታል?” አለኝ።

“መድኃኒት የለውም” አልኩት። “እናትህ ሲጮሁ ሂድ። ምንም እንደሌለ ብታውቅም ሂድ። እጃቸውን ያዝ። አንጎል ድምፁ ሰው የሚያስነሣ መሆኑን እንደገና ይማራል።”

“እኔ እርሻ ስሆንስ?”

“አያ ቢምረው አሉ።”

ራሱን ነቀነቀ። ሚኒባሱ ሲመጣ በርበሬ አለመጫኑን ጠይቆ አረጋገጠልኝ፤ ትርንጎ ነግራዋለች።

ከተመለስኩ በኋላ ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ክሊኒክ ስገባ ትርንጎ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። እማማ ማንጠግቦሽ አርፈዋል። ነፍስ ይማር ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“ብቻቸውን ነበሩ?” አልኳት።

“ሲያርፉ ብቻቸውን ነበሩ። ግን ወዲያው ደርሰውላቸዋል። አባዬ ጥርቡን ጥሎ በአጥሩ በር ገባ፣ አያ ጌትነትም ከማሳው እየሮጠ መጣ። ደጃፉ ላይ ተገናኙ።”

“ጮኸው ነበር እንዴ?”

“አይ” አለችኝ። “የዚያን ቀን በለመዱት ሰዓት ሳይጮሁ ቀሩ።”